ከጣውንትነት የወጡ ሴቶች ምስክርነት በዩታህ

በ1873 ሐምሌ ወር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሶልት ሌክ ከተማ አንዲት የሁለት ልጆች እናት ትኖርበት ከነበረው ቤት ወጥታ ዎከር ሃውስ በተባለው ሆቴል ገባች። ወዲያውም ባሏን በፍርድ ቤት ከሰሰች። ሴትዮዋ አን ኢላይዛ ያንግ ስትሆን ተከሳሹ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን መሪና የዩታህ ግዛት የመጀመሪያው ገዥ የነበረው ብሪገም ያንግ ነው። ዕድሜው 72 ዓመት፥ በቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ያገባቸው ሴቶች ቁጥርም ከ50 በላይ ነበር። «ባሏ» ስንል እንኳ ጥንቃቄ ያሻል፤ ክርክሩ ሁሉ ያረፈው በዚህች አንዲት ቃል ላይ ነበርና።

በ1830 ጆሴፍ ስሚዝ የመሠረተው ይህ እምነት ብዙ ሚስት ማግባትን መለኮታዊ ትእዛዝ ነው ብሎ በይፋ ያወጀው በ1852 ነው። አን ኢላይዛ ግን ነገሩን የምታውቀው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነበር። በ1844 ናቩ በተባለችው የኢሊኖይ ከተማ ተወልዳ እናቷ ከጣውንቶቿ ጋር ስትኖር እያየች አደገች። የመጀመሪያ ትዳሯ ከፈረሰ በኋላ በ1868 ብሪገም ያንግን አገባች።

የፌዴራሉ መንግሥት ከአንድ በላይ ማግባትን በግዛቶች የከለከለው በ1862 ቢሆንም ሕጉ በዩታህ በወረቀት ላይ ቀርቶ ነበር። የፍርድ ሸንጎው አባሎች ሞርሞኖች ነበሩ፤ ጋብቻውም ለሕዝብ የተከፈተ መዝገብ ሳይኖረው በምስጢር ይፈጸም ስለ ነበር ማስረጃ ማግኘት አዳጋች ነበር። ስለዚህ ያየችውን የምትናገር አንዲት ሚስት ለዐቃቤ ሕጉ ከመዝገብ ሁሉ ትበልጥበት ነበር።

የአን ኢላይዛ ክስ ባልየው ችላ ብሎኛል፥ አንገላቶኛል፥ ስለዚህ ፍቺና ቀለብ ይወሰንልኝ የሚል ነበር። ያንግ የሰጠው መልስ በሕግ ታሪክ ውስጥ እንግዳ ከሆኑት መልሶች አንዱ ነው። እኔ በ1834 ሜሪ አን ኤንጀልን በሕግ አግብቻለሁ፤ የአገሩ ሕግም ሁለተኛ ሚስት አያውቅም፤ እንግዲህ ከሳሿ ሚስቴ አይደለችም አለ። ለ20 ዓመታት ያህል ከመድረክ ላይ ሆኖ የነቀፈው ሕግ ቀለብ በተጠየቀ ጊዜ መጠጊያ ሆነው። ዳኛው ጄምስ መኪን ክርክሩ እስኪያልቅ በየወሩ 500 ዶላር ቀለብና ለጠበቆቿ 3000 ዶላር እንዲከፍል በ1875 አዘዘ። ያንግ እንቢ ስላለ ችሎት ደፍሯል ተብሎ አንድ ሌሊት ታስሮ አደረ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ፕሬዚዳንት ግራንት መኪንን ከዳኝነት አነሣው። በመጨረሻም በ1877 ሚያዝያ ጋብቻው ከመነሻው ፈራሽ ነው፥ ሚስት ያልሆነችም ቀለብ አይገባትም ተብሎ ተፈረደ። ፍርዱ በሕግ ረገድ ስሕተት አልነበረበትም። ይሁን እንጂ ከአንድ በላይ ማግባትን ለማጥፋት የወጣው ሕግ ሸክሙን በሰውዬው ሳይሆን በሴትዮዋ ትከሻ ላይ አሳረፈው። ያንግ በዚያው ዓመት በነሐሴ ሞተ።

ክሱ ገና ሳያልቅ ግን አን ኢላይዛ ሌላ ችሎት አግኝታ ነበር። በ1873 ኅዳር በሌሊት በሠረገላ ከከተማው አምልጣ በባቡር ወደ ምሥራቅ ተጓዘች፤ በየከተማውም ስለ ኑሮዋ ንግግር ማድረግ ጀመረች። በ1874 ዋሺንግተን ላይ ስትናገር ፕሬዚዳንት ግራንት ከአድማጮቿ መካከል ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ የወጣው የፖላንድ ሕግ የወንጀል ክሶችን ሞርሞኖች ከያዟቸው የአካባቢ ፍርድ ቤቶች አውጥቶ ለፌዴራል ዳኞች ሰጠ። በ1875 ያሳተመችው መጽሐፍ «ሚስት ቁጥር 19» ይባላል፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ቁጥሩን አይቀበሉትም፤ አሳታሚው ግን የሚሸጥ ስም ማወቁ አይካድም።

ከእሷ ቀደም ብላ በ1872 ፋኒ ስተንሃውስ የራሷን ምስክርነት አሳትማ ነበር። በ1874 የወጣው ሰፊው መጽሐፏ የሃሪየት ቢቸር ስቶው መቅድም ስለ ነበረበት አንባቢው ጣውንትነትን ከባርነት ጋር አስተያይቶ እንዲያነበው ሆነ።

በፍርድ ቤት የተሰጠው ምስክርነት ዕጣ ግን ከመጻሕፍቱ ሁሉ ይልቅ ለሕግ ባለሙያ ትምህርት አለው። የብሪገም ያንግ ጸሐፊ የነበረው ጆርጅ ሬይኖልድስ ሁለት ሚስት በማግባት ሲከሰስ ሁለተኛዋ ሚስቱ አሚሊያ ጄን ስኮፊልድ በመጀመሪያው ክርክር ቀርባ ጋብቻውን መሰከረች። ጉዳዩ እንደገና በታየ ጊዜ ግን ሴትዮዋ ተፈልጋ ታጣች። ፍርድ ቤቱም የቀድሞ ቃሏን አስነበበ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1879 ምስክሯን ያሸሸ ሰው በመቅረቷ ሊጠቀም አይችልም ብሎ ቅጣቱን አጸና። ያልቀረበችው ሴት ቃል በቀጥታ ከቀረቡት ሁሉ ይልቅ ከባድ ሆኖ ተገኘ።

የቀሩትም ሴቶች ዝም አላሉም። በ1870 ጥር በሺህ የሚቆጠሩ የሞርሞን ሴቶች በሶልት ሌክ ተሰብስበው እኛ ነፃ አውጪ አልጠየቅንም አሉ። በሚቀጥለው ወር የዩታህ ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ። በምሥራቅ የነበሩ ሰዎች ሴቶቹ በድምፃቸው ጣውንትነትን ይሽራሉ ብለው ቢጠብቁም እንዲህ አልሆነም። በ1883 ቤል ሃሪስ የተባለች ሴት ስለ ባሏ አልመሰክርም በማለቷ ከጨቅላ ልጇ ጋር እስር ቤት ገባች። በ1887 ደግሞ የኤድመንድስና ተከር ሕግ የመምረጥ መብቱን ከዩታህ ሴቶች ሁሉ ወሰደ። ከጣውንትነት የወጣችውም፥ ከመነሻው ያልገባችበትም አብረው አጡት። የተመለሰላቸው ዩታህ ክፍለ ሀገር በሆነችበት በ1896 ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ በ1890 ልማዱን መተዉን ቢያውጅም እንቢ ያሉ ወገኖች ተገንጥለው ቀጠሉ። በ1953 የአሪዞና መንግሥት ሾርት ክሪክ በምትባለው ሰፈራቸው ላይ በሌሊት ዘምቶ 263 ልጆች ወሰደ፤ ነገር ግን የእናቶቹ ፎቶግራፍ በየጋዜጣው ወጥቶ ሕዝቡን በመንግሥቱ ላይ አስቆጣ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ባለ ሥልጣኖች ከነገሩ እጃቸውን ሰበሰቡ። ዝምታው የተሰበረው በሴቶቹ በራሳቸው ነው። ካሮሊን ጄሶፕ በ2003 ከስምንት ልጆቿ ጋር ሸሽታ ታሪኳን በ2007 አሳተመች። በ14 ዓመቷ የተዳረችው ኤሊሳ ዎል በዚያው ዓመት በመሪው በዋረን ጄፍስ ላይ መሰከረች። የዩታህ ፍርድ በ2010 ቢሻርም ጄፍስ በ2011 በቴክሳስ በሌላ ክስ ዕድሜ ልክና 20 ዓመት ተፈረደበት።

በ2020 የዩታህ ምክር ቤት ፈቃደኛ በሆኑ አዋቂዎች መካከል የሚፈጸመውን የብዙ ሚስት ኑሮ ከከባድ ወንጀልነት ወደ ቀላል ደንብ መተላለፍ ዝቅ አደረገው፤ ማስገደድና ሕፃናትን መበደል ግን በከባድ ወንጀልነቱ ጸና። የሕጉ አርቃቂዎች ምክንያት፥ ሴቶች በገዛ ኑሯቸው እንዳይከሰሱ ፈርተው በደልን ከመናገር ይቆጠባሉ የሚል ነበር። ረቂቁን አጥብቀው ከተቃወሙት መካከልም ከዚያ ኑሮ የወጡ ሴቶች ነበሩበት።