ከ«ካናታ» እስከ ቃለ መሐላው
ለዜግነት ፈተና የሚጠናው የአዲሲቱ ፈረንሳይ ታሪክ

በካናዳ ዜግነት የሚጠይቅና ዕድሜው ከ18 እስከ 54 ዓመት የሆነ ሰው ስለ አገሪቱ ታሪክ፣ ሕግና አስተዳደር 20 ጥያቄዎች ይቀርቡለታል፤ ለማለፍም ቢያንስ 15ቱን በትክክል መመለስ ይኖርበታል። በቶሮንቶ፣ በካልጋሪ፣ በኦታዋና በሌሎችም ከተሞች የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በዚህ መንገድ አልፈዋል፤ ዛሬም የሚዘጋጁ አሉ። ለፈተናው ከሚጠኑት ክፍሎች አንዱ የፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ የመጀመሪያ ዘመን ነው። 1534፣ 1608፣ 1701፣ 1759፣ 1774፤ እነዚህን ዓመታት በቃል የያዘ ሰው ጥያቄውን ሊመልስ ይችላል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ግን ዓመታቱ ለምን እንደሚጠየቁና በውስጣቸው ምን እንዳለ ማመልከት ነው። ዘመናቱ ሁሉ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአገሪቱ ስም ነው። በፈረንሳዩ ንጉሥ በቀዳማዊ ፍራንሷ የተላከው መርከበኛ ዣክ ካርቲዬ በ1534 ወደ ሴንት ሎረንስ ባሕረ ሰላጤ ደርሶ መስቀል ተከለ፤ አገሩንም የንጉሡ ነው አለ። ሲመለስም የአለቃውን የዶናኮናን ሁለት ልጆች ይዞ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱ ወጣቶች መንገድ መሪ ሆነው ሲመልሱት፣ ወደ መንደራቸው የሚወስደውን አቅጣጫ በቋንቋቸው «ካናታ» ብለው ነገሩት፤ ትርጓሜውም መንደር ማለት ነው። ከ1550ዎቹ ጀምሮ «ካናዳ» የሚለው ስም በካርታ ላይ ይታይ ጀመር። እንግዲህ ተፈታኙ የሚማረው የአገር ስም ከምርኮኞች አፍ የተገኘ ነው።

በ1535 ክረምት የካርቲዬ ሰዎች በስከርቪ በሽታ ተይዘው ከ110ሩ 25ቱ ሞቱ። የተረፉትን ያዳነው ከዶናኮና ልጆች አንዱ ያመለከታቸው የዛፍ ቅጠልና ቅርፊት ነበር። ካርቲዬ ግን በ1536 ጸደይ ዶናኮናን ከሌሎች ዘጠኝ ሰዎች ጋር አፍኖ ወደ ፈረንሳይ ወሰደ። በ1541 ሲመለስ ከአንዲት ልጃገረድ በቀር ሁሉም ሞተው ነበር፤ እርሱ ግን ለዘመዶቻቸው አለቃው መሞቱን ብቻ ነግሮ፣ የቀሩት በፈረንሳይ እንደ መኳንንት ተመችቷቸው እንደሚኖሩ አስታወቀ። የመተማመን ጕድለት ከጥንቱ እንዴት እንደ ተጀመረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጸንቶ የቀረው ሰፈራ በ1608 ሳሙኤል ደ ሻምፕላን በኬቤክ የመሠረተው ነው። ከእርሱ ጋር ከከረሙት 28 ሰዎች መካከል ጸደይን ያዩት ስምንቱ ብቻ ነበሩ። ሰፈራው የሚኖረው በቢቨር ቆዳ ንግድ ስለ ነበር፣ ቆዳውን ከሚያቀርቡት ከሁሮን፣ ከአልጎንኪንና ከኢኑ ሕዝቦች ጋር መወዳጀት የግድ ሆነ። እነዚህን መወዳጀት ግን የእነርሱ ጠላት ከነበረው ከኢሮኳ ኅብረት ጋር መዋጋትን አስከተለ። ከአውሮፓ የመጣው ፈንጣጣ ሕዝቡን ሲጨርስ፣ ጦርነቱ ደግሞ በ1649 የሁሮንን አገር አጠፋ። ጠቡ የበረደው በ1701 ነው፤ በዚያ ዓመት ወደ 40 ከሚጠጉ ሕዝቦች የመጡ 1,300 ያህል መልእክተኞች በሞንትሪያል ተሰብስበው ከፈረንሳይ ጋር ሰላም ተዋዋሉ። ጥቂት ሰፋሪዎች ሰፊ አገር ይዘው የቆዩት በጦር መሣሪያ ብቻ ሳይሆን በውል ጭምር መሆኑን ይህ ጉባኤ ይመሰክራል።

የሰፋሪዎቹ ማነስ የቅኝ ግዛቱ ዋና ድካም ነበር። በ1663 ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ግዛቱን በቀጥታ በዘውዱ ሥር አዋለ፤ እስከ 1673 ድረስም ወደ 800 የሚጠጉ ሴቶች ለጋብቻ ተላኩ። ዣን ታሎን በ1666 ያስቈጠረው የሰፋሪ ሕዝብ 3,215 ብቻ ነበር። ከአፍሪካ ለተገኘ አንባቢ ደግሞ ሊዘለል የማይገባው ሌላ ዓመት አለ፤ በ1709 ጥቁሮችንና የአገሩን ተወላጆች በባርነት መያዝ በግዛቱ ሕጋዊ መሆኑ ታወጀ። በ1734 ማሪ ጆዜፍ አንጀሊክ የተባለች ጥቁር ባሪያ ሞንትሪያልን አቃጥላለች ተብላ ተሰቀለች።

በ1750ዎቹ ማብቂያ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ሕዝብ ከ60 እስከ 70 ሺህ ሲገመት፣ በስተደቡብ ያሉት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር። በመስከረም 1759 በኬቤክ ቅጥር አጠገብ፣ በአብርሃም ሜዳ በተደረገው ጦርነት እንግሊዞች ድል አደረጉ፤ የሁለቱም ወገን የጦር አዛዦች፣ ዎልፍና ሞንካልም፣ ቈስለው ሞቱ። በ1763 የፓሪስ ውል ፈረንሳይ አገሩን ለእንግሊዝ ለቀቀች።

ሆኖም ድል አድራጊው ሕዝቡን ራሱን አስመስሎ ለመለወጥ አልቻለም። በ1774 የወጣው የኬቤክ ሕግ ለካቶሊኮች የሃይማኖት ነጻነትን ሰጠ፤ የፈረንሳይን የፍትሐ ብሔር ሕግ መልሶ የወንጀሉን ሕግ ግን በእንግሊዝ ሥርዓት አጸና። ዛሬም በኬቤክ ውል፣ ንብረትና ውርስ የሚዳኙት በፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ፈረንሳይኛ ከእንግሊዝኛ ጋር እኩል የመንግሥት ቋንቋ መሆኑ በ1969 በሕግ የጸናውም ይህ ሕዝብ ከሽንፈት በኋላ ሳይጠፋ ስለ ቆየ ነው። ስለዚህ 1774ን የሚያጠና ሰው በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ በሁለት ቋንቋ የተጻፈው ማስታወቂያ ከየት እንደ መነጨ እያጠና ነው።

ፈተናውን ያለፈ ሰው በመጨረሻ ቃለ መሐላ ይፈጽማል። ከሰኔ 2021 ጀምሮ የመሐላው ቃል የነባር ሕዝቦችን፣ ይኸውም የፈርስት ኔሽንስን፣ የኢኑዊትንና የሜቲስን፣ መብትና በውል የተረጋገጠላቸውን ሁሉ ይጠቅሳል። ቃሉ አጭር ነው፤ በጥቂት ሰኮንዶች ተነግሮ ያልቃል። የዶናኮናን መታፈንና የሞንትሪያልን ጉባኤ የሚያውቅ ግን ለማን ምን ቃል እንደ ገባ ያውቃል። የሕዝቡን ታሪክ ሳያውቁ ዜጋ መሆን ይቻላል፤ የማሉበትን ቃል በትክክል መጠበቅ ግን አይቻልም። ወገኖቻችንን ለፈተና የምናዘጋጅ ባልደረቦችም ከአምስቱ ዓመታት ጋር ይህን ብናስተምር፣ ከማለፊያው ነጥብ የሚበልጥ ነገር አስጨበጥናቸው ማለት ነው።