ጨብጥ የመሰለው የማጅራት ገትር ባክቴሪያ

ወዳጆቼ፣ በየላብራቶሪው የተበተናችሁ የድሮ ተማሪዎቼም፣ ዛሬ ስለ ሁለት ወንድማማች ባክቴሪያዎች ላጫውታችሁ። አንዱ ጨብጥ የሚያመጣው ጎኖኮከስ ነው፤ ሌላው ማጅራት ገትር የሚያመጣው ሜኒንጎኮከስ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1879 የ24 ዓመቱ ጀርመናዊ ሐኪም አልበርት ናይሰር ብሬስላው ከተማ ውስጥ የጨብጥ ሕመምተኞችን መግል በማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ እንደ ቡና ፍሬ ጠፍጣፋ ጎናቸውን ያስጠጉ ጥንድ ጥንድ ተሕዋስያን አገኘ። ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ ቪየና ላይ አንቶን ቫይክሰልባውም በማጅራት ገትር ከተያዙ ሰዎች የሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ተመሳሳይ ጥንዶችን አየ። በግራም ቀለም ሁለቱም ሮዝ ናቸው፤ ሁለቱም ነጭ የደም ሴል ውስጥ ገብተው ይታያሉ። በዓይን ብቻ ማን ይለያቸዋል? ስማቸው እንኳ አንድ ነው፦ ናይሴሪያ። የማጅራት ገትሩ ባክቴሪያ ሳይቀር በጨብጡ ሐኪም ስም ይጠራል።

ከዚህ አንድ ልማድ ተወለደ። ጥንዶቹ ከብልት በመጣ መግል ውስጥ ከታዩ "ጨብጥ"፣ ከሰረሰር ከመጡ "ማጅራት ገትር" ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በ1942 ካርፔንተርና ቻርልስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሜኒንጎኮከስን ከ7 ታካሚዎች የሽንትና የብልት አካላት ማግኘታቸውን አሳተሙ። ነገሩ ተአምር አይደለም። ሜኒንጎኮከስ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ጉሮሮ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይኖራል፤ በአፍ በሚደረግ ወሲብ ወደ ብልት ሊሻገር ይችላል።

ታዲያ እንዴት ይለያሉ? የቆየው መንገድ ስኳር ነው። ጎኖኮከስ ግሉኮስን ብቻ ወደ አሲድ ይለውጣል፤ ሜኒንጎኮከስ ግሉኮስንም ማልቶስንም። በ1964 ታየርና ማርቲን ያስተዋወቁት ማሳደጊያ ሁለቱንም ያበቅላል፤ ስለዚህ በላዩ የበቀለው ሁሉ ጨብጥ ነው ማለት አይቻልም፣ ማልቶሱ መጠየቅ አለበት።

ኋላ ፈጣኑ የዘረመል ምርመራ መጣና ብዙ ላብራቶሪዎች ማሳደጉን ተዉት። መሣሪያው ጎበዝ ነው፤ ግን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው፦ "ጎኖኮከስ አለ ወይስ የለም?"

በ2015 ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ ከተማ ባለ ክሊኒክ ማይክሮስኮፑና መሣሪያው ተጣሉ። ፈሳሽ ያላቸው ወንዶች ይመጣሉ፤ ስላይዱ "ጨብጥ" ይላል፣ መሣሪያው "የለም" ይላል። ባለሙያዎቹ ናሙናውን አሳድገው ሲያዩ ሜኒንጎኮከስ ሆኖ ተገኘ። ዘረመሉ ሲነበብ ደግሞ ባክቴሪያው ዋና መከላከያው የሆነውን የውጭ ሽፋን ጥሎ፣ ኦክስጅን በሌለበት ለመኖር የሚረዱ ጂኖችን ከጎኖኮከስ ወስዷል። የጉሮሮው ነዋሪ ለሽንት ቧንቧ ራሱን አመቻችቷል ማለት ነው። ክሊኒኩ ስላይድ ማየቱን ትቶ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚህ ሰዎች "ጨብጥ የለባችሁም" ተብለው ይሸኙ ነበር።

ለእኛ ምን ያደርግልናል የምትሉ ትኖራላችሁ። አገራችን በማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት፤ ሜኒንጎኮከስ እንግዳችን አይደለም። በብዙ ጤና ተቋማት ደግሞ የብልት ፈሳሽ የሚታከመው በምልክቱ ነው። ሴፍትሪአክሶን ሁለቱንም ስለሚገድል ታካሚው ይድናል፤ የባክቴሪያው ማንነት ግን ሳይታወቅ ይቀራል። "ጨብጥ" የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ትዳር የሚያፈርስ ቃል መሆኑን ደግሞ ታውቃላችሁ። ባል በስላይድ ብቻ "ጨብጥ አለብህ" ተብሎ፣ ሚስት ተመርምራ "የለብሽም" ስትባል፣ ቤት ውስጥ የሚነሳውን ጥያቄ ላብራቶሪው አይሰማውም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ስላይዱና መሣሪያው ሲጣሉባችሁ አንዱን ውሸታም ብላችሁ አትለፉ። ሁለቱም እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል። ማሳደግ የሚቻልበት ቦታ ያላችሁ አሳድጉት፣ ማልቶሱንም ጠይቁ።