ድርብ የግፊት ጋኖችና የደኅንነት ደንባቸው

ድርብ የግፊት ጋን የሚባለው፣ መቅደሱ በቅድስት፣ ቅድስቱም በቅኔ ማኅሌት እንደሚከበብ፣ አንዱ ጋን በሌላው ውስጥ ተቀምጦ በውስጥም በአፍአም የየራሱን ግፊትና ሙቀት የሚሸከም የብረት ዕቃ ነው። የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ከተሕዋስያን የሚጸዱበት ባለ ሁለት ግድግዳ አውቶክሌቭ፣ በውጭ ሽፋኑ እንፋሎት የሚዘዋወርበት የፋብሪካ ድስት፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚቀመጥበት ጋን ሁሉ የዚሁ ወገን ናቸው።

እነዚህን ዕቃዎች ከሚገዙት ሥርዓቶች ስመ ጥር የሆነው የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 በማሳቹሴትስ ግዛት በብሮክተን ከተማ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰዎች ካለቁ በኋላ ግዛቲቱ በ1907 ሕግ ደነገገች፤ ማኅበሩም የ1914ን ደንብ በ1915 አሳተመ፤ እሳት የማይነድባቸውን የግፊት ጋኖች የሚመለከተው ስምንተኛው ክፍል በ1925 ተከተለ።

የነገሩ ሥር ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው የጋራ ግድግዳ ነው። ደንቡ ይህን ግድግዳ የሚመዝነው፣ ከሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ሊደርስበት በሚችለው እጅግ የከፋ የግፊትና የሙቀት መጋጠም ነው። አውቶክሌቩን እንመልከት፤ ሽፋኑ ከከባቢው አየር በላይ 2 ባር በሆነ እንፋሎት ተሞልቶ ሳለ፣ መሣሪያዎቹ በተጠቀለሉበት ጨርቅ እጥፋት የተሸሸገው አየር እንዲወጣ የውስጡ ክፍል በፓምፕ ይመጠጣል፤ ያን ጊዜ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ከአፍአ የሚያርፈው ጫና፣ የከባቢው አየር ተደምሮበት፣ ወደ 3 ባር ይደርሳል። መለኪያው 2 ይላል፤ ብረቱ ግን 3 ይሸከማል።

የአፍአ ጫና ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ከውስጥ የተገፋ ግድግዳ ዙሪያውን ተወጥሮ ሲጸና፣ ከውጭ የተጫነው ግን የብረቱ ብርታት ገና ሳያልቅ ቅርጹን ስቶ በድንገት ይጨማደዳል። እንጦጦ ላይ ባዶውን የተከደነ የፕላስቲክ ጠርሙስ አዋሽ ሲደርስ ጎኑ ተሰርጉዶ የሚገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ደንቡ ለአፍአ ጫና የተለየ ስሌት አለው፤ የግድግዳውን ውፍረት ከስፋቱና በማጠናከሪያ ቀለበቶች መካከል ካለው ርቀት ጋር ያገናዝባል፤ ከክብነት የማፈንገጡንም መጠን ይወስናል።

አንድ ቸርነት አለ፦ ሠሪው የጋራውን ግድግዳ በሁለቱ ግፊቶች ልዩነት ብቻ ሊያሰላው ይፈቀድለታል፤ ይህም በጋኑ የስም ሰሌዳ ላይ ይመዘገባል። ብረት መቆጠቡ አይካድም፤ ዳሩ ግን አንዱ ወገን ተንፍሶ ሌላው እንደ ተሞላ በቀረ ጊዜ መከታ ስለማይኖር፣ ይህ ጸሐፊ ፈቃዱን በጥርጣሬ ያየዋል።

ፈተናው በውኃ ነው፤ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ክፍሎች ጎረቤታቸው ያለ ግፊት ሳለ በየተራ፣ ቢያንስ በተፈቀደው ግፊት 1.3 እጥፍ ይሞላሉ። የማስተንፈሻ ቫልቭም ለየክፍሉ ይታሰባል።

ወደ ናይትሮጅኑ ጋን ስንመለስ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ሲሞቅም ወደ 700 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ውስጠኛው ጋን ቢሰነጠቅ ይህ ሁሉ ጋዝ አየር ወደሌለበት የሁለቱ ግድግዳዎች ክፍተት ይገባልና፣ በብዙዎቹ ጋኖች የውጭ ግድግዳ ላይ በብሎን ያልታሰረ፣ የከባቢው አየር ብቻ ተጭኖ የያዘው ክዳን ይበጃል፤ ጋዝ ሲገፋው ይነሣል። ክዳኑ ከመነሣቱ በፊትም ብዙ ጊዜ በጋኑ ሆድ ላይ አመዳይ ይታያል።