የውጭ ተማሪዎች የጤና መድን በጀርመን
በጀርመን ዩኒቨርሲቲ ለመመዝገብ የጤና መድን ማስረጃ ማቅረብ ግዴታ ነው። ለጉዞ የተገዛ መድን ለቪዛ ቢያገለግልም ለምዝገባ አይበቃም። ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በታች የሆኑ ተማሪዎች በሕዝባዊው የጤና መድን፣ ለተማሪ በተወሰነ ዝቅተኛ ወርኃዊ መዋጮ ይታቀፋሉ፤ ከዚያ ዕድሜ በላይ የሆኑት ግን በዚህ ተመን አይስተናገዱም።

በርካሽነቱ ተስቦ የግል መድን የመረጠ ተማሪ ከሕዝባዊው መድን ነጻ መደረጉን በጽሑፍ ያረጋግጣል፤ ይህንንም ውሳኔ ትምህርቱን እስኪያጠናቅቅ ድረስ መሻር አይችልም። አንዳንድ የግል ውሎች ቀድሞ የነበረን ሕመም አይሸፍኑም።

በኢትዮጵያ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አገልግሎት ውል በተገባባቸው የአገር ውስጥ ጤና ተቋማት የተወሰነ ነው። ስለዚህ ልጃቸውን ወደ ጀርመን የሚልኩ ወላጆች የመድኑን መዋጮ ከቤት ኪራይና ከቀለብ ጋር አስቀድመው ሊያሰሉት ይገባል።