ከቅቤ ወደ ጄል፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ማስታገሻ በሀዋሳ አካባቢ

ሀዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ከመቈርቈሯ አስቀድሞ፥ ጕልበቱን ያመመው ሰው ተስፋ የሚያደርገው በቅቤ የሚያሸውን የወጌሻ እጅና የወንዶ ገነትን ፍል ውሃ ነበር። ሁለቱም ሕመምን የሚያስታግሡት በሙቀትና በመታሸት ነው።

ኋላ በመድኃኒት ቤት የተገኘው የዲክሎፌናክ ጄል ግን ሥራው ሌላ ነው። በቆዳ ዘልቆ፥ ሕመምንና እብጠትን የሚያባብሰው ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር እንዳይመረት ይገታል። ወደ ደም የሚገባውም ከሚዋጠው ኪኒን እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፥ ለጨጓራ ይቀላል።

ነገር ግን መልኩ ቅባት ነውና፥ በአሮጌው ልማድ እንደ ቅቤ ሊታይ ይችላል። ጄሉን ቀብቶ በእሳት መሞቅ ወይም ቦታውን አጥብቆ መጠቅለል መድኃኒቱ ከመጠን በላይ ወደ ደም እንዲሰርግ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ የአዲሱን መድኃኒት አጠቃቀም የሚያስተምር ሰው፥ አስቀድሞ አሮጌውን ልማድ ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባዋል።