ፌሞራል ስቴም፦ የጭን ዘንግ

ደሴ ሰኞ ገበያ የክረምቱ ጭቃ አዳልጧቸው የወደቁ እናት «ዳሌያቸው ተሰበረ» ሲባል፣ ብዙ ጊዜ የተሰበረው የጭን አጥንታቸው አንገት ነው። ሐኪሙ መገጣጠሚያው ይቀየር ካለ የአጥንቱን ራስ ቆርጦ ያወጣና በምትኩ ኳስ የተሸከመ ብረት መቅኔው ባለበት ቦይ ውስጥ ይተክላል። ይህ ብረት ፌሞራል ስቴም ይባላል፤ እኛ «የጭን ዘንግ» እንበለው።

ዘንጎች የሚለያዩት ከአጥንቱ ጋር በሚያያዙበት መንገድ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሌይ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ዘንጉን በአጥንት ሲሚንቶ ቆልፎ እንዳይነቃነቅ አደረገው። ሲሚንቶ ሲባል የሙገር እንዳይመስልዎ! ዱቄትና ፈሳሽ ተቀላቅሎ በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠነክር አክሪሊክ ነው።

በ1970 ደግሞ በኤክሰተር ከተማ ሐኪሙ ሮቢን ሊንግና መሐንዲሱ ክላይቭ ሊ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ፣ እንደ መስታወት የተወለወለ ዘንግ አወጡ። እኔ «ሽብልቅ ዘንግ» እለዋለሁ። የላላ መጥረቢያ ሽብልቅ ሲመታበት እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ይህም ሰውየው በረገጠ ቁጥር በሲሚንቶው ውስጥ በጥቂቱ እየሰረገ ይጠብቃል፤ መስረጉም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ብዙ አያልፍም። በ1976 ላዩን ሸካራ አደረጉት። ሸካራው የተሻለ የሚይዝ ይመስላል፤ ግን መስረጉን ስለከለከለው መላላት በዛ፣ በ1986ም ወደ ውልውሉ ተመለሱ።

ሲሚንቶ አልባውም አለ። ላዩ ሸካራ ነው፣ ወይም የአጥንት ማዕድን በሆነው ሃይድሮክሲአፓታይት ይለበጣል፤ በ1986 ፈረንሳይ ውስጥ የወጣው ኮራይል ከዚህ ወገን ነው። ተመትቶ ይገባል፣ ከዚያ አጥንቱ ያድግበታል። ለጎልማሳ ጠንካራ አጥንት መልካም ነው። የሳሳ የአረጋዊ አጥንት ግን ሲመታ ወይም ቆየት ብሎ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስለዚህ ለወደቁት እናት የምመርጠው በሲሚንቶ የሚተከለውን ነው፤ ሲሚንቶው ሲገባ የደም ግፊት ሊወርድ ስለሚችል የማደንዘዣ ባለሙያው ነቅቶ እስከጠበቀ ድረስ።

ከደሴም ከኮምቦልቻም አዲስ አበባ ሄደው ዳሌዎን ካስቀየሩ፣ ከዓመታት በኋላ ዘንጉ ቢላላ የሚያይዎት ሐኪም ሌላ ሊሆን ይችላል። የዘንጉ ማሸጊያ ዓይነቱን፣ መጠኑንና መለያ ቁጥሩን የያዙ ተለጣፊ ወረቀቶች አሉት። አንዱን ጠይቀው ይቀበሉና ከራጅዎ ጋር ያስቀምጡ።