ከወረራ እስከ ቆጣሪ፤ ጊዜ በአሳቢዎች ጨዋታ ውስጥ

ጨዋታ ሲባል ከሰዓት ነፃ መውጣት ይመስለናል። ታዲያ ማሰብን ሙያው ባደረገ ጨዋታ ላይ ገደብ ሲጫንበት ደስታው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ይህ ክርክር በመኝታ ክፍላችን የተነሣው «ኤክስኮም 2» በሚባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ሳቢያ ነው። ግማሾቻችን «ሰዓቱ ይነሣልን» ስንል ግማሾቻችን «ኧረ ይቆይ!» አልን። አልተስማማንምና ወደ ታሪኩ ሄድን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቤታችን እንጀምር። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የጻፉትን ጥናት ያገላበጠ ሰው የኛው ከፈረንጁ ቼዝ በምን እንደሚለይ ያገኛል። መክፈቻው ወረራ ነው። ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ እጃቸው በቻለው ፍጥነት ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። ተራ የሚያዘው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ሰዓት ባይኖርም ጥድፊያ አለ፤ የሰው ዐይን ከራሱ እጅ ይልቅ የባላጋራውን እጅ ይጠብቃል።

መጨረሻው ግን ይብሳል። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይሞትም፤ ጨዋታው እኩል ነው። ከንጉሡ ጋር አንድ ጠጠር ብቻ የቀረ እንደሆነ ደግሞ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ንጉሡን መማረክ ግድ ይሆናል። ልብ በሉ፤ ሰባት! ያገኘውን ሁሉ እየበላ የመጣ ሆዳም አሸናፊ ድሉን በገዛ እጁ ያበላሻል ማለት ነው። በዚህ ላይ በትልልቆቹ ጠጠሮች መግደል ብዙ አያስከብርም፤ በእግረኛ መግደል ግን ያስከብራል። አያቶቻችን እንግዲህ ችግሩን የጫኑት በደካማው ሳይሆን በብርቱው ላይ ነበር።

አውሮፓውያኑ ሰዓትን ያመጡት በሌላ በር ነው። በ1851 ለንደን ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የቼዝ ውድድር የጊዜ ገደብ አልነበረም። ታዋቂው ስታንተን በዊልያምስ ተሸነፈና የሰውየውን ማዝገም አምርሮ ወቀሰ። (የተሸናፊ ወቀሳ መሆኑ አይረሳ።) ከዐሥር ዓመት በኋላ አንደርሰንና ኮሊሽ ሲገናኙ የአሸዋ ሰዓት ቀረበላቸው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ 24 እንቅስቃሴ ማድረግ ነበረባቸው። በ1883 ደግሞ፣ እዚያው ለንደን፣ የማንቸስተሩ ቶማስ ብራይት ዊልሰን የሠራው ጥንድ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይቆማል። ቦቢ ፊሸር ግን ሰዓቱ ራሱ ጨዋታውን እንዳይበላው ፈርቶ፣ በየእንቅስቃሴው ጥቂት ጊዜ የሚጨምር ሰዓት ፈለሰፈ፤ የፈጠራ መብቱንም በ1989 አገኘ፤ በ1992 ከስፓስኪ ጋር ሲጫወት ተጠቀመበት። እዚህ ገደቡ ለሁለቱም እኩል ነው።

ወደ ኤክስኮም እንመለስ። የመጀመሪያው በ1994 ወጣ፤ ጁልያን ጎሎፕ ናቸው የነደፉት። ከሌላ ዓለም ከመጡ ፍጡራን ጋር ጥቂት ወታደሮችን ይዞ በየተራ መዋጋት ነው። ፊራክሲስ የተባለው ድርጅት በ2012 አድሶ ሲያወጣው ተጫዋቹ አንድ ዘዴ አገኘ። አንድ እርምጃ መሄድ፣ አነጣጥሮ ማድፈጥ፤ ደግሞ አንድ እርምጃ። ያሸንፋል፤ ግን ያሰለቻል። ሠሪዎቹ በ2013 ቶሎ ካልተደረሰበት የሚጠፋ ሀብት ሜዳው ላይ በተኑ፤ ይህ ማባበያ ነበር። በ2016 በወጣው በሁለተኛው ክፍል ግን ማባበሉ ቀረና በብዙዎቹ ግዳጆች ላይ የተራ ገደብ ተጣለ፤ ካለፈ ግዳጁ ከሸፈ። ብዙም ሳይቆይ ተጫዋቾች ራሳቸው ገደቡን የሚያላላ ወይም የሚያነሣ ፕሮግራም ሠርተው ተቀባበሉ። በ2017 በወጣው ተጨማሪ ክፍል ድርጅቱ ራሱ ገደቡን የማስረዘም ምርጫ ሰጠ።

እኛ «ሰዓት» እያልን ስንጨቃጨቅ የሳትነው ነገር ነበር። ቆጣሪው የሚቆጥረው ተራ እንጂ ደቂቃ አይደለም። በአንድ ተራ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ብናስብ የሚከለክለን የለም! የተነጠቅነው ማሰቢያ ጊዜ ሳይሆን ፍርሃታችን የሚደበቅበት ጊዜ ነው። ሆኖም «ይነሣልን» ባዮቹም ባዶ አልነበሩም። የሰንጠረዡን ሰባት ሁለቱም ተጫዋቾች ያውቁታል፤ ያመጣውም አሸናፊው ራሱ ነው። ኤክስኮም ውስጥ ግን ሜዳውን ገና ያላየ ሰው ጠላት የት እንዳለ ሳያውቅ ይጣደፋል፤ ገደቡም የሚጫነው በሰውየው ላይ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩን ማን ይቆጥርበታል?

ገደቡን አንሥተን ሦስት ምሽት ተጫወትን። አንድም ወታደር አልሞተብንም፤ በሦስተኛው ምሽት ሁለታችን እዚያው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደን። በአራተኛው መለስነው። ሁለት ተራ ሲቀር አንዲት የቆሰለች ወታደር ከመውጫው ርቃ ቀረች። እሷን ተሸክሞ ለማምጣት አንዱን መላክ ወይስ አምስቱን ይዞ መውጣት? ክፍሉ ተነሥቶ ቆመ። «ይነሣልን» ሲል የነበረው ጓደኛችን ከሁላችን በላይ እየጮኸ ነበር፤ «ላከው! ላከው!»